ያልተናገርኩት መርዶ

ቅዳሜ፣ የካቲት 1

«ንባብዎ ትክክል ነው፤ ስህተት አላገኘሁበትም። ነገር ግን ሰው የሚያወራ አይመስልም። ይህን ድምፅ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ሰው አያገኙም። 11/20።»

ቃል በቃል ገለበጥኩት። የሬዲዮ ንባብ ልምምዴ ላይ መምህሬ ዶክተር ፍቃዱ በቀይ እስክሪብቶ የጻፈው ነው። ስህተት ካላገኘ ዘጠኙ ማርክ የት ሄደ? ይህንኑ ጠየቅኩት። ፈገግ አለ።

«አቶ ኃይለመለኮት፣ ስህተት አለመኖር ብቻውን ሬዲዮ አይሆንም።»

ሠላሳ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። እኔ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ለመማር ግቢ ስገባ ገና አልተወለደም።

አጠገቤ የምትቀመጠው ማሂራ ወረቀቴን አጮልቃ አየች። «ጋሼ፣ ለእኔ ሰባት ነው የሰጠኝ። እንቀያየር?»

አልሳቅኩም። ሰባት ያገኘችው ‘ኢትዮጵያ’ን ሳትጨርስ ስለምትውጥ ነው። እኔ ምን ዋጥኩ?

ከክፍል ወጥቼ ወደ ሱቄ። የስፌት መኪና መርፌና ዘይት ሸጥኩ። ስንት ዓመት እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሬዲዮ እየሰማሁ አንባቢዎቹን አርሜያለሁ! ባለቤቴ ሳምራዊት ናት አንድ ቀን ሰልችቷት «እንግዲያው ገብተህ አሳያቸው» ያለችኝ። ገባሁ። በሃምሳ አራት ዓመቴ የኮሙኒኬሽንና ሚዲያ የማስተርስ ተማሪ ሆንኩ። ቅዳሜና እሑድ።

አሥራ አንድ…


ሰኞ፣ የካቲት 3

ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ሁሉ እያነበብኩ ስልኬ ላይ እቀዳለሁ። ጋዜጣ፣ የመድኃኒት መመሪያ፣ የግድግዳ ማስታወቂያ፣ ያገኘሁትን። ዛሬ ስልኩ ሞላ። ሁለት በር አልፎ ያለው ሰሚር ጋ ወሰድኩት። ሞባይል ነጋዴ ነው፤ የእድራችንም ጸሐፊ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ድምፅ ምንድነው? ሬዲዮ ጣቢያ ከፈቱ እንዴ?»

«ልምምድ ነው። እንዳይጠፋ።»

«እኔ ኮምፒውተር ውስጥ የገባ ነገር? ቢፈልጉ እንኳ አይጠፋም።»

ሁሉን ገለበጠልኝ። ስልኬ ቀለለ።


ሐሙስ፣ የካቲት 6

ጋሽ ውቤ ሞቱ። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ።

ሰው የሰማው ረፍዶ ነው። የሰው ሁሉ ሞት ሳይነጋ የሚነገረን በእሳቸው ጥሩምባ ነበር፤ ለእሳቸው የሚነፋ ግን አልተገኘም። ጥሩምባው ግድግዳቸው ላይ እንደተሰቀለ ነው።

ሊቀመንበሩ ጋሽ አሸብር ከሰሚር ጋር ሱቄ መጡ። «አንተ የምትማረው የመናገር ትምህርት አይደል? ለውቤ አንድ ቀን ተናገርለት።»

አነበብኩ። ሰሚር ቀዳው። «የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፤ ለረጅም ዓመታት በጥሩምባቸው ሲጠሩን የኖሩት አቶ ውቤ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል…» አንድ ጊዜ ብቻ። መድገም አላስፈለገኝም። የድንኳን መጫኛዋ መኪና ላይ ሞንታርቦ ታሰረና ድምፄ ሰፈሩን ዞረ። ቴሌግራም ላይም ተለቀቀ።


ዓርብ፣ የካቲት 7

በርበሬ በረንዳ ሳልፍ አንዲት የማላውቃት ሴት ወንፊቷን አስቀምጣ «የትናንቱ እርስዎ ኖት? አስለቀሱኝ እኮ!» አለችኝ። ዶክተር ፍቃዱ ይስማ።


ረቡዕ፣ የካቲት 19

እንደሆነው ልጻፈው።

ሊነጋ ሲል ከመንገድ ላይ ድምፅ ሰማሁ። «የተከበራችሁ የእድራችን አባላት…» በእንቅልፍ ልቤ ጥሩ ንባብ ነው ብዬ አሰብኩ። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ነው ያሰብኩት። ማን ይሆን? ከዚያ ትንፋሹ መጣ። ስም ከመጥራቴ በፊት አየር የምስብበት መንገድ አለኝ፤ አጭር፣ በአፍንጫ። ያንን ሰማሁ።

የእኔ ነው።

«…የእድራችን አባል ወይዘሮ የሺ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።»

አፌ ግን ዝግ ነው። በእጄ ነካሁት፤ ዝግ ነው። ሳምራዊት ነቅታለች። መብራቱን አበራች። የምታየው ዓይኔን አይደለም። አፌን ነው።

«አንተ ነህ?»

«እዚህ ተኝቼ?»

«መቼ ተቀዳህ ታዲያ?»

«አልተቀዳሁም። የሺ መሞቷን ገና አሁን መስማቴ ነው።»

«ከማን?»

ምን ልበላት? ሞንታርቦ የታሰረባት መኪና ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወረደች። ድምፄ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ… እኔ አልጋ ላይ ነኝ።


ሐሙስ፣ የካቲት 20

ሰሚር ሱቁን ሳይከፍት ደጁ ላይ ጠበቅኩት።

«የማን ድምፅ ነው?»

«የእርስዎ ነዋ ጋሼ።»

«እኔ አልተናገርኩም።»

«አዎ፣ አልተናገሩም። ግን የእርስዎ ነው።»

ምንም አላፈረም። እንዲያውም ደስ ብሎት አስረዳኝ። ያ ልምምዴን ሁሉ የገለበጠበት ኮምፒውተር… ድምፅ የሚማር ፕሮግራም አለ፤ የእኔን መገበው፤ ተማረ። አሁን የጻፉለትን ሁሉ በእኔ ድምፅ ይናገራል።

«ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው እኮ! የእርስዎ ትምህርት!»

«ማን ፈቀደልህ?»

«የእድሩ ኮሚቴ። ገና ሳይነጋ ከምንቀሰቅስዎት ብለን ነው። እርስዎ ይተኙ፣ ድምፅዎ ይሥራ።»

ካላመኑ ብሎ አንድ ነገር ጻፈና ነካ አደረገው። ድምፄ ከሣጥኑ ወጣ፦ «ሰሚር የተባረከ ልጅ ነው።» ዕቃ የሚመርጡት ሁለት ሰዎች በሳቅ ፈነዱ። ሰሚርም ሳቀ። ይህን ዓረፍተ ነገር በሕይወቴ ተናግሬ አላውቅም። እንዴት እንደምናገረው ግን አሁን አውቃለሁ። ልክ እንደዚያ ነው የምለው።


ቅዳሜ፣ የካቲት 22

የዛሬው ትምህርት ስለ ምንጭ ተአማኒነት። ሰው የሚያምነው መልእክቱን ሳይሆን ተናጋሪውን ነው፣ ወዘተ። እጄን አወጣሁ።

«ተናጋሪው ራሱ ካልተናገረስ?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ይሆንዎታል።»

ማሂራ አላስችል አላት። የወይዘሮ የሺ መርዶ በቴሌግራም እሷም ስልክ ላይ ደርሷል። «ዶክተር፣ ይሄን ይስሙ!» ብላ ከፈተችው። ሁሉም የማያውቋት ሴት ሞታ አንገታቸውን ደፉ።

ዶክተር ፍቃዱ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። «ይሄ ነው!» አለ። «ይሄ ሰው ያወራል። ማን ነው?»

ማሂራ በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች።

«አቶ ኃይለመለኮት! በጣም ተሻሽለዋል።»

«እኔ አይደለሁም» አልኩ።

ትሕትና መሰለው።


ሰኞ፣ የካቲት 24

እትዬ ጠይባ የልብስ ስፌት ቤት አላት፤ የእድራችን አባል ናት። ያዘዘችው የስፌት መኪና ቺንጋ ዛሬ ገባልኝ። ደወልኩላት።

«ጤና ይስጥልኝ፣ እትዬ ጠይባ…»

ጮኸች። ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት። «ማነው? ሙናዊር ነው? ሙናዊሬ ነው?» ልጇ ነው፣ ጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የሚነዳው። ከኋላዋ ሰው ሲሯሯጥ ይሰማኛል።

«ቺንጋው መጥቷል» አልኩ።

«ምን ሆነ ልጄ?»

«ቺንጋው! የስፌት መኪናው ቺንጋ! ሌላ ምንም የለም!»

ከዚያ ለቅሶና ስድብ አንድ ላይ። «አላህ ይቅር ይበልህ። ሁለተኛ እንዳትደውልልኝ። ሰው ላክ።»

ቀኑን ሙሉ ልብ ብዬ አየሁ። ደንበኛ ሲገባ «ምን ልርዳ?» ስል ፊቱ ትንሽ ይለወጣል። ስልክ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠ ቀና ብሎ ያየዋል። እኔ ነኝ ወይስ…? አይ፣ እኔ አልተሳሳትኩም። ያየሁትን አይቻለሁ።


ረቡዕ፣ የካቲት 26

ከግቢ ሆኜ «ሳምራዊት!» ብዬ ተጣራሁ። የውኃ ጀሪካን እንዳነሳ እንድታግዘኝ ነበር። ወጥታ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ስሜን አትጥራ።»

«ምን?»

«ለጥቂት ቀን ነው። ይሄ ነገር እስኪረሳ። በቃ ‘አንቺ’ በለኝ።»

ካገባኋት ጀምሮ በዚህ ቤት ውስጥ ከሁሉ አብልጬ የተናገርኩት ቃል ስሟ ነው። ጀሪካኑን ብቻዬን አነሳሁት።


እሑድ፣ የካቲት 30

ከክፍል መልስ ሰሚር ራሱ ጠራኝ። ጾም ላይ ነው፤ ከንፈሩ ደርቋል፤ ግን አዲስ ዕቃ እንደገባለት ነጋዴ ዓይኑ ያበራል።

«ጋሼ ይምጡ፣ ላሳይዎት። ባለፈው መብራት ጠፋ፣ ኔትወርክ ጠፋ፣ ሬሳ ተኝቶ ሰው ሳይሰማ ዋለ አይደል? አሁን ያ ነገር ቀረ። ሁሉም ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። የቀብሩ ቦታና ሰዓት ብቻ ነው የሚጨመረው።»

«የማን ሁሉም?»

«የአባሉ ነዋ።»

«በሕይወት ያለው?»

«የሞተውማ ምን ያደርግልናል? ክረምት ሳይገባ ጃንጥላ እናስገባ የለም እንዴ?»

ወንበር ሳብኩ። የሰፈሩ ሰው በሙሉ… ከሱቁ ደጃፍ ሲያልፉ አያቸው ነበር። ሻንጣ የተሸከመው፣ ቲማቲም የሚደራደረው፣ ልጇን የምትጎትተው። ሁሉም በእኔ አንደበት ሞተው እዚያ ሣጥን ውስጥ ተራ ይጠብቃሉ።

«የእኔን ክፈት።»

ከፈተ። «አቶ ኃይለመለኮት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።» ስሜን ሳይቆርጥ፣ ሳያሳጥር ጠራው። ሰው ሁሉ ‘ጋሽ ኃይሌ’ እያለ ያበላሸዋል፤ እሱ አላበላሸውም።

«የባለቤቴን።»

«ይተዉት ጋሼ…»

«ክፈተው አልኩህ!»

አጭር ትንፋሽ በአፍንጫ። «የአቶ ኃይለመለኮት ባለቤት ወይዘሮ ሳምራዊት…» አላዘነም። አልቸኮለም። ስሟን እንደ ለመደ ሰው ጠራው።

«አጥፋ።»

«የትኛውን?»

«ሁሉንም። አሁን።»

«እኔ ብቻዬን? ኮሚቴው ሳይወስን? ጋሽ አሸብር የራሳቸውን ሰምተው እኮ ‘ጥሩ ነው፤ ሻምበል የሚለውን ጨምርበት’ ነው ያሉት።»


ሰኞ፣ መጋቢት 1

ጋሽ አሸብር ቤት ሄድኩ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። እግራቸውን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክረው አገኘኋቸው።

«ድምፅ ያልቃል እንዴ? ምን ተወሰደብህ?»

«የእኔ ነው ጋሽ አሸብር። ሳልናገር እየተናገርኩ ነው።»

«ውቤ ያን ሁሉ ዘመን ነፋልን። አንድም ቀን ትንፋሼን መልሱልኝ አላለም።»

«ትንፋሻቸውን ራሳቸው ነበሩ የሚነፉት!»

ውኃውን በጣታቸው አማሰሉት። «ከፋሲካ በኋላ ስብሰባ አለ። ያኔ አንሳው።»

ከፋሲካ በኋላ። እስከዚያ ማን ይሞታል?


ዓርብ፣ መጋቢት 5

ሳምራዊትን አውቶቡስ ተራ ሸኘኋት። ጅማ፣ ጉልበቷን የታመመች እህቷ ጋ ነው የምትሄደው። ተራ አስከባሪው የአገር ስም እየጠራ ይጮኻል። አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮት እጇን አወጣች። ልጠራት አፌን ከፈትኩ… መልሼ ዘጋሁት። እጄን ብቻ አወዛወዝኩ።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

በቅደም ተከተል ልጻፍ። በቅደም ተከተል ካልጻፍኩ አላምነውም።

ሊነጋ ሲል አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጫማ አስር ነበር። ሞንታርቦው መጣ። የእኔ ድምፅ። የእኔ ትንፋሽ። «የአቶ ኃይለመለኮት ባለቤት ወይዘሮ ሳምራዊት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።»

እንዴት እንደሚሠራ አውቃለሁ። ከሣጥኑ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ዛሬ ጠዋት ከጅማ እንደምትነሳ ነግራኛለች። መንገድ ነው… መኪና ነው… ደወልኩ። ስልኳ አይሠራም። ደግሜ ደወልኩ። አይሠራም።

አመንኩ። ሌላ ማንም ቢነግረኝ እጠይቅ ነበር፤ የት፣ መቼ፣ ማን አየ እል ነበር። ራሴን ግን ምን ብዬ ልጠይቅ?

በሩን ስከፍት ጎረቤቱ ግቢውን ሞልቶታል። ድንኳኑ እየተተከለ ነው። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ገቡ።

«አልሞተችም!» አልኩ። ራሴው ሳላምን።

«አይዞህ።»

«እኔ አልተናገርኩም! ማሽን ነው!»

«እሺ፣ አልተናገርክም። ና ቁጭ በል።» ሁለት ሰዎች በብብቴ ይዘው አስቀመጡኝ። ማንም፣ አንድ ሰው እንኳ እውነት ነው ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። ምን ብለው ይጠይቁኛል? የነገርኳቸው እኔ ነኝ።

እትዬ ጠይባ መጥታ እግሬ ሥር ቁጭ አለች። ያ ስድቧ የለም። «ለሰው ሁሉ ስትናገር ቆይተህ ለራስህ ደረሰ፣ ወንድሜ» ብላ አለቀሰች።

ረፍዶ ሰሚር እየሮጠ መጣ። አንድ እግሩ ላይ ብቻ ነው ጫማ ያለው። «ጋሼ! ጋሼ! አቶ ቦጋለ ናቸው! እሳቸው ናቸው የሞቱት! ከላይ ያለውን እነካለሁ ብዬ ከታች ያለውን…» ሰሁር በልቶ፣ ሰግዶ፣ መርዶውን ልኮ፣ የስልኩን ድምፅ ዘግቶ ተኝቷል። አቶ ቦጋለ ከእኛ ቅያስ ማዶ ነው ቤታቸው። ልጃቸው ሬሳውን ይዛ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። ለምን ሰው እንዳልመጣ ግራ ገብቷት።

ሰው ተነሳ። ድንኳኑ ተነቀለ። ዓይኔን ያየኝ የለም። የለቅሶ አግዳሚውን ሁሉ ወደዚያ ተሸክመው ሄዱ። ባዶ ግቢ።

ሳምራዊት ግን አሁንም አታነሳም! ቦጋለ ሞተ ማለት እሷ አለች ማለት ነው? ማን ነግሮኝ?

ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር።

«ሃሎ?»

እሷ ናት። ወልቂጤ ምሳ ላይ ሆና የሰው ስልክ ተውሳ። ስሟን ልጠራ ነበር። አየር ሳብኩ። ከዚያ… አልቻልኩም። ያ ድምፅ በእኔ አፍ ሊወጣ ሆነ።

«ሃሎ? ለምን ዝም ትላለህ? ትንፋሽህን ሰማሁት። ስም ልትጠራ ነው! ማን ነው? ንገረኝ፣ ማን ሞተ?»

«አንቺ…» አልኩ። ‘አንቺ ደህና ነሽ?’ ልል ነበር። ስልኩ ከእጇ ሲወድቅ ሰማሁ።


ረቡዕ፣ መጋቢት 10

ትናንት ማታ ደረሰች። ሁሉንም ነገርኳት፤ አጎንብሼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

አውቃ ነው የገባችው። የራሷ ስልክ ሌሊቱን ቻርጅ ጨርሶ ነበር። ከደወለችልኝ በኋላ ወልቂጤ ላይ ቻርጅ አድርጋ ስታበራው የቴሌግራሙ መርዶ ጠበቃት። አውቶቡስ ውስጥ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ የራሷን ሰማች። ሁለት ጊዜ።

«ድምፅህ አልተንቀጠቀጠም።»

«እኔ አይደለሁም አልኩሽ እኮ!»

«አይደለህም። አውቃለሁ። ግን ስሞት የምትለው እንደዚያ ነው።»

ለኮሚቴው የመጀመሪያ አቤቱታዬን ዛሬ በጽሑፍ ሰጠሁ። ጋሽ አሸብር ሳያነቡት ኪሳቸው ከተቱት።


ዓርብ፣ መጋቢት 12

ሳምራዊት ኮልፌ፣ ወንድሟ ቤት ሄደች። አልተጣላንም። ይህን ሰው ሁሉ ሊረዳው አይችልም፤ አልተጣላንም። ትናንት ሌሊቱን ሙሉ አልተኛችም፤ በእንቅልፍ ልቤ እንዳልናገር ስትጠብቀኝ ነበር። ሻንጣዋን እኔው ተሸክሜ ሚኒባስ ላይ ጫንኩላት።

«ሲያጠፉት ትጠራኛለህ» አለች።


ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

የስቱዲዮ ፈተና ቀን። ቀጥታ ስርጭት ነው፤ የዩኒቨርሲቲው ሬዲዮ እኛ ሰፈር ድረስ ይሰማል። ዶክተር ፍቃዱ ከመስታወቱ ማዶ አውራ ጣቱን አሳየኝ። ቀዩ መብራት በራ። ዜናው ስለ ችግኝ ነው። ስለ ችግኝ ብቻ። እትዬ ጠይባ ስፌት ቤት ሬዲዮ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው…

አላነበብኩም። መብራቱ እስኪጠፋ ተቀመጥኩ።

«ምን ሆኑ? እስካሁን ካስተማርኳቸው ሁሉ…»

«የሚያደንቁት እኔን አይደለም» አልኩትና ወጣሁ። ማሂራ ኮሪደር ላይ ተከተለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደችም። «ጋሼ፣ ስልኬ ላይ ያለውን አጥፍቼዋለሁ» አለች። እስካሁን ያጠፋ ሰው እሷ ብቻ ናት።


ሰኞ፣ መጋቢት 15

ለአቤቱታዬ መልስ መጣ። በቴሌግራም። ጽሑፍ አይደለም፤ የድምፅ መልእክት። ሱቁን ዘግቼ ከፈትኩት።

አጭር ትንፋሽ በአፍንጫ።

«የተከበሩ አቶ ኃይለመለኮት፤ አቤቱታዎ ለእድሩ ኮሚቴ ደርሷል። ለተፈጠረው ስህተት ከልብ እናዝናለን። ጉዳዩ በቀጣዩ ስብሰባ የሚታይ ይሆናል። እስከዚያው በትዕግሥት እንዲጠባበቁ እንጠይቃለን።»

በእኔ ድምፅ። ለእኔ።

ሰሚር ጋ ደወልኩ። «ምን ላድርግ ጋሼ? የኮሚቴው መልእክት ሁሉ አሁን በዚያው ነው የሚወጣው። ያዘዙት ጋሽ አሸብር ናቸው። ሰው ሌላ ድምፅ አያምንም። እኔ ራሴ ‘ስብሰባ አለ’ ብዬ ብናገር ማንም አይመጣም፤ በእርስዎ ሲሆን ይመጣሉ።» ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ «አሁን ሲደውሉልኝ ራሱ… አይቆጡኝ፤ እርስዎ መሆንዎን በምን አውቃለሁ?» አለ።

እየቀለደ አልነበረም። ከልቡ ነው።

መልእክቱን ደግሜ ከፈትኩት። «ከልብ እናዝናለን» የሚለው ላይ ለአንዲት ቅጽበት እፎይ አልኩ። አረጋጋኝ። እኔው ራሴን እያረጋጋሁ… ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት።


ረቡዕ፣ መጋቢት 17

ሱቅ ውስጥ አልናገርም። ዋጋ ካርቶን ላይ ጽፌ ለጥፌያለሁ። መጀመሪያ ሳቁ፤ አሁን ለምደውታል። ለሳምራዊት ጠዋትና ማታ በጽሑፍ እልክላታለሁ፤ እሷም በጽሑፍ ትመልሳለች። ቤት ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ስሟን ቀስ ብዬ ለማለት ሞከርኩ። ከመጥራቴ በፊት አየሩ ሲገባ ሰማሁትና ተውኩት።

ዛሬ ሁለተኛውን ደብዳቤ በእጄ ወስጄ ለጋሽ አሸብር ሰጠሁ። መቀበላቸውን ቅጂው ላይ አስፈረምኩ። «በቃልህ ብትነግረኝ ምን አለበት?» አሉኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ደብዳቤው ይኸው፦

«ለእድራችን ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ፤

በየካቲት ወር ለአቶ ውቤ ቀብር አንድ መልእክት በፈቃዴ አንብቤያለሁ። ከዚያ በኋላ በእኔ ድምፅ የተነገረ ማንኛውም ነገር የእኔ አይደለም። ወይዘሮ የሺ ሲያርፉ አልተናገርኩም። ባለቤቴ አልሞተችም፤ ሞተች ብዬም አላውቅም። በመጋቢት 15 ቀን ይቅርታ የጠየቀኝም እኔ አይደለሁም፤ ይቅርታውንም አልተቀበልኩም።

በጸሐፊው ኮምፒውተር ውስጥ የሰፈራችን ሰው ሁሉ መርዶ በድምፄ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ይህ ድምፅ ለተሠራበት ኮምፒውተር እንጂ ለእኔ አይታዘዝም። በየትኛው ጠዋት የማንን ስም እንደሚጠራ ማናችሁም አታውቁም፤ እኔም አላውቅም። ስለዚህ የተዘጋጀው ሁሉ፣ ድምፄን የተማረው ፕሮግራምና ከስልኬ የተገለበጠው ልምምድ ጭምር፣ እኔና ሁለት የኮሚቴ አባላት ባለንበት እንዲጠፋ እጠይቃለሁ። እስኪጠፋ ድረስ ሰው ሲሞት ሰው ይናገር። ተናጋሪ ከጠፋ እኔ ሳይነጋ ተነስቼ፣ በእግሬ ዞሬ፣ በአፌ እናገራለሁ።

የምጠይቀው ካሣ የለም። በገዛ ቤቴ ባለቤቴን በስሟ መጥራት እፈልጋለሁ።

መልሳችሁን በድምፅ መልእክት አልቀበልም። በስልክም አልቀበልም። በሰው አፍ ቢላክልኝም አልቀበልም። በእጅ የተጻፈ፣ የሊቀመንበሩና የጸሐፊው ፊርማ ያለበት ወረቀት እስከ ማክሰኞ መጋቢት 30 ቀን ድረስ በሱቄ እንዲደርሰኝ እጠይቃለሁ።»